ሥራ ፍለጋን፣ ልጆችንና የጓሮ አትክልትን አብሮ መያዝ፦ ከደሴ የተጻፈ ዝርዝር መመሪያ

ኮንትራቴ ያለቀው ሐምሌ ላይ ነው። 4 ዓመት በሒሳብ ሠራተኝነት ከቆየሁበት መሥሪያ ቤት ደብዳቤዬን ተቀብዬ ወጣሁ። ቤቴ ውስጥ 2 ልጆች አሉ። ትልቋ 9 ዓመቷ ነው፣ ትንሹ 3። አማቴ አብረውን ይኖራሉ። ባለቤቴ በደሴና በኮምቦልቻ መሃል ሚኒባስ ይነዳል፤ ጠዋት 12 ሰዓት ሳይሞላ ይወጣል። ከተከራየነው ቤት ጀርባ፣ በኩሽናውና በአጥሩ መሃል፣ 3 በ4 ሜትር የምትሆን መሬት አለች። ያኔ አሮጌ ቆርቆሮና የተሰባበረ ወንበር ነበር የሞላባት።

ሥራ እስካገኝ 8 ወር ፈጀብኝ። በነዚያ ወራት ያቺን መሬት አለማሁ፣ ልጆቼን አሳደግሁ፣ ሥራም ፈለግሁ። መጀመሪያ ላይ ሦስቱን እኩል ልይዛቸው ሞክሬ ሦስቱም አምልጠውኛል።

ያመለጡኝን ቀን ልንገራችሁ፣ መመሪያው ሁሉ ከዚያ ነው የተነሳው። ታኅሣሥ ላይ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ፣ ኮምቦልቻ ያለ አንድ ድርጅት ደወለ። «ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ለፈተና ይምጡ» አሉኝ። አማቴ ለለቅሶ ሐይቅ ሄደዋል። ትንሹ ልጄ አተኩሶታል። ሸሚዜ አልተተኮሰም። የሥራ ልምድ ወረቀቴ የት እንዳለ አላውቅም። በማግስቱ ልጁን የሚይዝልኝ ሰው ፈልጌ ኮምቦልቻ ስደርስ 4 ሰዓት ተኩል ሆኗል። ፈተናው አልቋል። ማታ ስመለስ ደክሞኝ ሰላጣውን ሳልሸፍን ተኛሁ። ጠዋት ሳየው ውርጭ መትቶት ቅጠሉ እንደተቀቀለ ሆኗል።

ቆሜ ሳየው አንድ ነገር ገባኝ። ቤቱንም ጓሮውንም ያደራጀሁት ሁልጊዜ ቤት እንደምውል አድርጌ ነው። ሥራ ፈላጊ ግን ዛሬ ቤት አለ፣ ነገ የለም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሁሉንም ነገር ስልኩ የሚደወልበትን ቀን እያሰባችሁ አደራጁት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይኸው ነው።

1. መጀመሪያ ቤተሰቡን ቡና ላይ ሰብስቡ

ይህን በስልክ ወይም በችኮላ አታድርጉት። እኛ ቤት እሑድ ከሰዓት፣ አቦሉ ሲቀዳ ነው የተነጋገርነው። አማቴ ሰው ቤት ውሎ ሥራ ይፈልጋል የሚባለው ነገር አልገባቸውም ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ ስልክ እየነካካሽ ነው ሥራ የሚገኘው?» አሉኝ።

«አዎ እማዬ። ማስታወቂያው ስልክ ላይ ነው የሚወጣው፣ ማመልከቻውም በስልክ ይላካል። አንቱ ልጁን 2 ሰዓት ብቻ ብትይዙልኝ ይበቃኛል።»

ትንሽ ዝም አሉ። «እንግዲያው በሩን ዝጊው። ከ3 እስከ 5 የለሽም ብዬ እይዘዋለሁ» አሉ።

ይህቺ «የለሽም» የምትለው ቃል ትልቅ ነገር ናት። ቤት ያለ ሰው ሁልጊዜ ይጠራል። ሊጥ አቡኪ ይባላል፣ እንግዳ ይመጣል፣ ልጅ ያለቅሳል። ሰዓቱ በቤተሰቡ ዘንድ ካልታወቀ ሥራ ፍለጋው ሌሊት ብቻ የሚሠራ ነገር ይሆናል።

ከቡናው ሳትነሱ 4 ነገር ወስኑ። ሥራ ፍለጋው በየቀኑ ስንት ሰዓት አለው? ለፎቶ ኮፒ፣ ለትራንስፖርትና ለኢንተርኔት በወር ስንት ብር ይመደባል? ድንገት ከተጠራችሁ ልጅ ማን ይይዛል? ከኮምቦልቻ ወይም ከወልዲያ ርቆ ያለ ሥራ ቢገኝ ትሄዳላችሁ ወይስ አትሄዱም? የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ቤት ውስጥ ሥራው ከተገኘ በኋላ ነው የሚነሳው። ያን ጊዜ ጠብ ይሆናል። አሁን ጨርሱት።

2. ቀኑን በሥራ ዓይነት ክፈሉት

እኔ የያዝኩት ሥርዓት ይህ ነበር። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ልጆች ሳይነሱ፣ 20 ደቂቃ ጓሮ። ከዚያ ቁርስ፣ ትምህርት ቤት ማድረስ። ከ3 እስከ 5 ሰዓት በር ተዘግቶ ሥራ ፍለጋ። ከዚያ በኋላ ያለው የቤት ነው። ማታ 11 ሰዓት ላይ ከልጆቹ ጋር እንደገና 15 ደቂቃ ጓሮ።

ጓሮው ጠዋት የሆነበት ምክንያት አለው። ጠዋት የጠጣ መሬት ቀኑን ሙሉ ያገለግላል፤ በጠራራ ፀሐይ የሚፈስሰው ውሃ ግማሹ ይተናል። ለኔም ደግሞ ስልክ ከመክፈቴ በፊት እጄ አፈር ሲነካ ቀኑ ይቀናኛል።

ከሁለት ሰዓት በላይ ማስታወቂያ መፈለግ አልመክርም። ከዚያ በኋላ ሰው የሚያነበውን አያነብም፣ ዝም ብሎ ጣቱን ነው የሚያንሸራትተው። ሁለት ሰዓት በሙሉ ልብ ይበቃል።

ረመዳን ሲገባ ሰዓቱ ይገለበጣል። ስሑር ከተበላና ከተሰገደ በኋላ ቤቱ ጸጥ ይላል። እኔ ማመልከቻ የምጽፈው ያኔ ነበር። ከሰዓት በኋላ ለሹርባና ለሳምቡሳ ተውት፤ ከዚያ ጉልበትም አይኖርም።

3. ሰነዱን አንድ ክላሰር ውስጥ አስገቡ

አንድ ቀን ሙሉ ስጡት። ዲግሪ ወይም ዲፕሎማ፣ የውጤት ማስረጃ፣ የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ምስክር ወረቀት ካላችሁ፣ የሥራ ልምድ፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ ፋይዳ። ከእያንዳንዱ 5 ፎቶ ኮፒ። ከዚያ ሁሉንም ስካን አስደርጉና በፒዲኤፍ ስልካችሁ ላይም ኢሜላችሁ ላይም አስቀምጡ። ስልክ ይጠፋል፣ ኢሜል ላይ ያለው ግን አብሮት አይጠፋም።

ሦስት ነገር በጥንቃቄ እዩ።

አንደኛ፣ ስማችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል እንዴት እንደተጻፈ። እኛ ወሎ ውስጥ ሰይድ፣ እንድሪስ፣ ዘይነባ የሚሉ ስሞች ሞልተዋል። እያንዳንዱ በላቲን ፊደል ሦስት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል። ዲግሪው ላይ አንድ ዓይነት፣ ፋይዳው ላይ ሌላ ዓይነት ከሆነ የተቀጠራችሁ ዕለት ችግር ይመጣል። ጊዜ እያላችሁ አስተካክሉት።

ሁለተኛ፣ የሥራ ልምድ ወረቀቱ ላይ የተጀመረበትና ያለቀበት ቀን፣ የሥራ መደቡ፣ ደመወዙና የሥራ ግብር መከፈሉ ይጻፍ። አንዳንድ መሥሪያ ቤት ግብሩ ያልተጠቀሰበትን ወረቀት አይቆጥርም።

ሦስተኛ፣ ዘመን አቆጣጠሩን። በኛ አቆጣጠርና በፈረንጆቹ መሃል የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት አለ፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ በ7 ይለያል፣ ከዚያ በኋላ በ8። ሲቪ ላይ ሁለቱን ካቀላቀላችሁ የ4 ዓመት ልምዳችሁ የ12 ዓመት ይመስላል፣ ወይም ከነጭራሹ አይገባም። አንዱን መርጣችሁ «እ.ኢ.አ.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብላችሁ ጻፉ።

4. የት ትፈልጋላችሁ

ሪፖርተር ጋዜጣ እሑድና ረቡዕ ይወጣል፣ ማስታወቂያው ብዙ ነው። ኢትዮጆብስ የሚባል የሥራ ማስታወቂያ ድረ ገጽ አለ። የቴሌግራም ቻናሎች አሉ፤ እነሱ ግን ያንኑ ማስታወቂያ ነው የሚደጋግሙት፣ ሁለት ሦስቱን መከተል ይበቃል። ደሴና ኮምቦልቻ ለሚኖር ሰው ደግሞ አሁንም ትልቁ ቦታ ግድግዳ ነው። የወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ የሆስፒታሎች፣ የከተማ አስተዳደሩ፣ የፋብሪካዎች በር ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ስልክ ላይ የማይወጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተመረቀበት ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ፣ ከነባሮቹ ከጨርቃ ጨርቁና ከቢራ ፋብሪካው ሌላ የሚታይ በር ተጨምሯል።

እዚህ ላይ ነው ቤተሰብ የሚጠቅመው። ባለቤቴ ተሳፋሪ እስኪሞላ ሲጠብቅ የተለጠፈ ማስታወቂያ ካየ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል። ብዙዎቹ ለኔ አይሆኑም ነበር። የብየዳ ባለሙያ፣ ነርስ፣ ጥበቃ። እነዚያን ለሰፈር ልጆች አስተላልፋለሁ። አሁን የያዝኩትን ሥራ ያገኘሁት ግን እንዲሁ በላከው ፎቶ ነው። በየትኛውም ቻናል ላይ አላየሁትም ነበር።

ቅሬ (የኛ የወሎ እድር) ላይም ተናገሩ። ሰው ሥራ መፍታቱን መደበቅ ይወዳል፤ እኔም 2 ወር ደብቄያለሁ። ለቅሬው ሰዎች የነገርኩ ዕለት አንዲት እናት «ልጄ የሚሠራበት ቤት ሰው ይፈልጋሉ፣ ነገ ሂጂ» አሉኝ። ያኛው ባይሳካም ከዚያ በኋላ ወሬው ሁሉ ወደኔ መምጣት ጀመረ።

አንድ ደብተር ያዙ። ያመለከታችሁበት ቤት፣ የሥራ መደቡ፣ ያመለከታችሁበት ቀን፣ መዝጊያው ቀን፣ የሰጣችሁት ስልክ ቁጥር። ስልኩ ሲደወል «የት ነበር ያመለከትኩት?» ማለት በጣም ያሳፍራል። ደብተሩ ኩሽና ውስጥ ይቀመጥ፣ ስልክ የምታነሱት እዚያ ነዋ።

ሥራ አስገባሃለሁ ብሎ ብር የሚጠይቅን ሰው ራቁ። ለመመዝገቢያ ነው ቢል፣ ለዩኒፎርም ነው ቢል፣ ለአለቃው ነው ቢል ያው ነው።

ስለ ሕጉም ትንሽ ማወቅ ጥሩ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን እንዳይበልጥ ይላል። ለእናቶች ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጣል። ለአባትም 3 ቀን አለው። ቃለ መጠይቅ ላይ ስለ ልጆቻችሁ ቢጠይቋችሁ አትደንግጡ። «ልጆቼን የሚይዝ ሰው አለኝ» ብላችሁ በአጭሩ መልሱ። ቡናው ላይ የወሰናችሁት ለዚህም ይጠቅማል።

5. ጓሮው፦ ከዶማ በፊት ጀሪካን ቁጠሩ

አሁን ወደምወደው ክፍል ደረስን።

እኔ በመጀመሪያው ሳምንት 12 ካሬ ሜትሩን በሙሉ ቆፈርኩት። ስህተት ነበር። በኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። በበጋ አንድ ካሬ ሜትር መደብ በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ይጠጣል። መንገዱን ቀንሳችሁ 8 ካሬ መደብ ካላችሁ ወደ 40 ሊትር ነው፣ ማለትም 2 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በየቀኑ። የኔ ቤት ለጓሮ የሚተርፈው 1 ጀሪካን ብቻ ነበር። ግማሹን መደብ ተውኩት። ስለዚህ ለጓሮ የሚተርፋችሁን ጀሪካን መጀመሪያ ቁጠሩ፣ በ1 ጀሪካን ከ4 ካሬ ሜትር በላይ አትቆፍሩ።

አፈሩን በደረቅ ሣር ወይም በገለባ ብትሸፍኑት ውሃው ይቆያል፣ በየ2 ቀኑ ማጠጣት ይበቃል። አትክልትና ምስር የታጠበበት ውሃ ለጓሮ ይሆናል። ኦሞና በረኪና የገባበትን ግን አታፍስሱበት።

ተከራይ ከሆናችሁ አከራያችሁን አስፈቅዱ። እኔ የጠየቅሁት የመጀመሪያውን ቆስጣ እንደምሰጣቸው ቃል ገብቼ ነው። ሰጥቻለሁም።

ፀሐዩን እዩ። አንድ ቀን ጠዋት፣ ቀትርና ከሰዓት ወጥታችሁ ጥላው የት እንደሚያርፍ አስተውሉ። ቅጠላ ቅጠል በቀን 4 ወይም 5 ሰዓት ፀሐይ ካገኘ ይሆናል። ቲማቲምና ቃሪያ ከ6 ሰዓት በላይ ይፈልጋሉ።

6. ምን ይተከል

ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ነው። በ25 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ አየሩ ይለወጣል። ኮምቦልቻ ያለች እህቴ የምታበቅለው ቲማቲም እኔ ዘንድ በክረምት ዋግ ይመታዋል፣ በታኅሣሥ ደግሞ ውርጭ። ለደሴ፣ ለቦሩ ሜዳና ለኩታበር ሰው የምመክረው ሀበሻ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ካሮትና ነጭ ሽንኩርት ነው። ለኮምቦልቻና ለቃሉ ሰው ቲማቲም፣ ቃሪያና በሶብላ ይጨመር።

ዋናው መመዘኛ ግን ሌላ ነው። ሥራ የምትይዙ ዕለት ማን ይንከባከበዋል? ጎመንና ቆስጣ 2 ቀን ቢረሱ አይሞቱም። ከሥር ያለውን ቅጠል እየቀነጠሳችሁ መሃሉን ከተዋችሁት ለወራት ይሰጣሉ። ነጭ ሽንኩርት ተተክሎ 4 ወይም 5 ወር ዝም ብሎ ያድጋል፣ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ይነቀላል። ሰላጣ ፈጣን ነው፣ በ50 ቀን ገደማ ይደርሳል፣ ግን አንድ ቀን ቢጠማ ይመርራል። ቲማቲም መደገፍ፣ መግረዝ፣ ማየት ይፈልጋል። ለሥራ ፈላጊ ጎመንና ቆስጣ ዘመድ ናቸው።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ክረምቱ ሲወጣ መስከረም ላይ የችግኝ መደብ ይዘጋጃል። ጥቅምት ይዛወራል። በልግ ከጣለ የካቲትና መጋቢት ላይ ሁለተኛ ዙር ይዘራል። ሰኔ ሲገባ መደቡን አንድ ስንዝር ከፍ አድርጉት፣ አለዚያ ውሃ ይተኛበትና ሥሩ ይበሰብሳል።

7. አዘራሩ፣ ቀስ ብሎ

የቆስጣን ዘር እጃችሁ ላይ አድርጋችሁ እዩት። ሸካራ፣ ቡናማ፣ እንደ ትንሽ ጠጠር ነው። አንድ የሚመስለው ውስጡ 2 ወይም 3 ዘር አለው። ለዚህ ነው ከአንድ ጉድጓድ ብዙ ችግኝ የሚወጣው። ማታ በሲኒ ውሃ ንከሩት። ጠዋት አውጥታችሁ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ጥልቀት ላይ ዝሩት። ከ7 እስከ 14 ቀን ይበቅላል፣ በደሴ ብርድ አንዳንዴ ይቆያል። 4 ቅጠል ሲያወጣ፣ ማለትም በወሩ ገደማ፣ በመሃላቸው 30 ሳንቲ ሜትር ትታችሁ አዛውሩት። ማዛወሩ ማታ ወይም ደመና ያለበት ቀን ይሁን።

ሰላጣ ዘሩ ደቃቅ ነው፣ አፈር ነፋ ነፋ ማድረግ ብቻ ይበቃዋል። ካሮት ተዛውሮ አይሆንም፤ ሥሩ ይጣመማል። በቦታው ዘርታችሁ ሲወጣ በየ5 ሳንቲ ሜትሩ አንድ እየተዋችሁ ሌላውን ንቀሉት። ነጭ ሽንኩርቱን ፍንካች በፍንካች ለያይታችሁ ሾጣጣውን ወደ ላይ አድርጋችሁ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ትከሉት።

አፈሩ ከሁለት እጅ አፈር አንድ እጅ የበሰለ ፍግ ይሁን። የበሰለ ማለት ሽታ የሌለው፣ እጅ ሲገባበት የማያቃጥል፣ 3 ወር ያህል የቆየ ነው። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። ሰላጣ በጥሬው ስለሚበላ ደግሞ ለሆድም አይበጅም። የአትክልት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ ደረቅ ቅጠል አጠራቅማችሁ ኮምፖስት ሥሩ። ሥጋና ዘይት የነካው ምግብ አታስገቡ፣ አይጥ ይጠራል።

መሬት ለሌለው፦ የማዳበሪያ ከረጢት ጓሮ

ጎረቤቴ ያላት የሲሚንቶ ደጅ ብቻ ነው። ለሷ ያደረግነው ይህ ነው። የኩንታል ማዳበሪያ ከረጢት አፉን ወደ ውጭ ጠቅልላችሁ አቁሙት። ትልቅ የዱቄት ወተት ጣሳ ታችና ላዩን ቁረጡና እንደ ቧንቧ አድርጉት። ጣሳውን ከረጢቱ መሃል አቁሙና በጠጠር ሙሉት። ዙሪያውን አፈሩን ሙሉ። ከዚያ ጣሳውን ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ ሳቡት፤ ጠጠሩ በቦታው ይቀራል። እንደገና ጠጠር፣ እንደገና አፈር፣ እንደገና ሳብ። ሲያልቅ ከረጢቱ መሃል ከታች እስከ ላይ የጠጠር ምሰሶ ይኖራል። ውሃው በሱ እየወረደ እስከ ታች ያዳርሳል። ያለሱ ላዩ ይረጥባል፣ ታቹ ይደርቃል።

በጎኑ በጣት የሚያህል ቀዳዳ እያበጃችሁ፣ እያንዳንዳቸው በስንዝር ርቀት፣ የጎመንና የቆስጣ ችግኝ አስገቡ። አንድ ከረጢት 20 ያህል ይይዛል። ጎረቤቴ ክርስቲያን ናት። ሁዳዴና ረመዳን በተገጣጠሙበት ሰሞን እሷ ጎመኗን ለጾሙ፣ እኔ ድንብላሌን ለሹርባው፣ እየተቀያየርን ነው የከረምነው።

8. ውርጭ፣ ክሽክሽና ዶሮ

ውርጭ የሚመጣው ከኅዳር እስከ ጥር፣ ሰማዩ ጥርት ባለና ነፋስ በሌለበት ሌሊት ነው። ማታ ኮከብ በብዛት ካያችሁ ሸፍኑ። አራት እንጨት ተክላችሁ አሮጌ አንሶላ ወይም ጆንያ ዘርጉበት፤ ጨርቁ ቅጠሉን አይንካ። ቀን አፈሩን አጠጡ፣ እርጥብ አፈር ሙቀት ይይዛል። ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ግለጡት።

ክሽክሽ ቅጠል የሚመጥ ደቃቅ ተባይ ነው፣ ከቅጠሉ ሥር ይደበቃል። ሲጀምር በጣት ማሸት ይበቃል። ከበዛ በ1 ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ ማታ ከሥር ርጩ፣ ጠዋት በንጹሕ ውሃ እጠቡት። ለዶሮ መድኃኒቱ አጥር ብቻ ነው። እሾህ ዙሪያውን አስቀምጡ።

9. ልጆቹን አስገቧቸው

ለትልቋ ልጄ አንድ መደብ ሰጠኋት፣ የራሷ ነው። ስሟን በእንጨት ላይ ጽፋ ተከለችው። የምታጠጣበት 2 ሊትር የዘይት ጀሪካን፣ ክዳኑ በምስማር የተበሳ፣ አባቷ ሠራላት። ትንሹ ሥራው ቀንድ አውጣ መልቀም ነው። አንድ ባገኘ ቁጥር ይጮሃል።

ይህ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እኔ የማልኖር ቀን ጓሮውን የምታጠጣው እሷ ናት። ለዚህ ነው ቀድማ መልመድ የነበረባት። የቤት ሥራዋን እዚያው በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ትሠራለች፣ እኔ አረም እነቅላለሁ። ሁለታችንም አብረን ነን።

«አልተመረጡም» የተባልኩ ቀናት ነበሩ። አንዱን ቀን መልእክቱን ካነበብኩ በኋላ ጓሮ ሄጄ ቁጭ አልኩ። አማቴ ተከትለውኝ መጡ። ምንም አልጠየቁኝም። አጠገቤ ቁጭ ብለው አረም መንቀል ጀመሩ። ትንሽ ቆይተው «አብሽሪ ልጄ» አሉኝ። ያን ቀን ሌላ ማመልከቻ አልጻፍኩም። እናንተም እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ያለውን ሥራ ፍለጋ ተዉት። በማግስቱ ቀጥሉ።

10. የጥሪ ቀን ዕቅድ

ይህን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ኩሽና በር ላይ ለጥፉት። ከታኅሣሡ ውርደት በኋላ የጻፍኩት ነው።

ልጅ የሚይዙ 3 ሰዎች በቅደም ተከተል፣ ከነስልካቸው። አንዷ ብትታጣ ሁለተኛዋ። እነሱም ቀድመው ይወቁት፤ «ድንገት ከተደወለልኝ እጠራሻለሁ» በሏቸው። እነሱ ሲቸገሩ እናንተ ያዙላቸው።

አንድ የተተኮሰ ልብስ፣ ለሌላ ነገር የማይለበስ። ክላሰሩ። በፖስታ የታሸገ የትራንስፖርት ብር፣ ለዳቦም ቢሆን የማይነካ።

የመነሻ ሰዓት። ከደሴ ኮምቦልቻ ቅርብ ነው፤ ግን ሚኒባሱ እስኪሞላ ይጠበቃል፣ መንገዱ ላይ ያለው የሐረጎ ተራራ ላይ ጭጋግ ሲወርድ ደግሞ መኪናው በዝግታ ነው የሚሄደው። ለ3 ሰዓት ቀጠሮ 1 ሰዓት ላይ መናኸሪያ ሁኑ።

ጓሮውን ማን ያጠጣል፣ ማን ይሸፍናል። ስም ይጻፍ።

መጋቢት ላይ ስልኩ ሲደወል ሰዓቱ 9 ተኩል ነበር። ወረቀቱን አየሁ። የመጀመሪያዋ አልቻለችም፣ ሁለተኛዋ «ይምጣ» አለች። በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ኮምቦልቻ በሩ ላይ ነበርኩ።

11. ሥራ ከያዛችሁ በኋላ

በመጀመሪያው ሳምንት ጓሮውን አሳንሱ። እኔ ሰላጣውን ሰብስቤ ለጎረቤት አከፋፈልኩ፣ ያንን መደብ በሣር ሸፍኜ አሳረፍኩት። ጎመኑ፣ ቆስጣውና ነጭ ሽንኩርቱ ቀሩ። የሙከራ ጊዜያችሁ ላይ አዲስ ነገር አትትከሉ። ጠዋት 20 ደቂቃ የነበረው 10 ደቂቃ ይሁን፣ የቀረውን ማታ ልጆች ይሥሩት።

ልጅ የሚይዙላችሁን ሰዎች ከመጀመሪያው ደመወዝ አስቧቸው። የሥራ ፍለጋውን ደብተር አትጣሉ፣ የሙከራው ጊዜ እስኪያልቅ ክላሰሩ ውስጥ ይቀመጥ።

እኔ 38ኛ የሥራ ቀኔ ላይ ነኝ። የበልጉ ዝናብ ትናንት ጥሏል። ልጄ አንድ እፍኝ የቆስጣ ዘር በሲኒ ነክራ መስኮቱ ላይ አስቀምጣለች፤ መደቡ የሷ ስለሆነ ነገ ጠዋት እሷ ትዘራዋለች።